አሥር ሜትር የደወል ሽቦ

ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ። በወጣትነቴ ጉረኛ ነበርኩ። ትንሽ ሳይሆን በጣም። የምነግራችሁ ነገር የደረሰው በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከምሳ እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ነው። ያ ጉራዬ ባይኖር ኖሮ ግን ጨርሶ አይደርስም ነበር፤ ይህን ለማወቅ ደግሞ ሃያ ዓመት ፈጀብኝ።

ስሜ ግርማ ነው። አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። ከደብረ ብርሃን ወደ አስመራ ሲዛወር እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ስለዚህ ትግርኛውንም፣ ብስክሌት መንዳቱንም፣ ማኪያቶ መጠጣቱንም እዚያው ነው የተማርኩት። ትምህርት ቤት የሚያስተምሩን በአማርኛ ስለነበር መምህራኑ እኔን እያስነሱ ያስነብቡኝና “ይኸው፣ እንደ ግርማ አንብቡ!” እያሉ ሌሎቹን ይቆጡ ነበር። እኔም ደረቴን እነፋ ነበር። የእናቴን ቋንቋ በማንበቤ! አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ክብሮም ግን በዚህ አልጠላኝም። በዓመት ይበልጠኛል፤ ቤታቸው እዳጋ ሓሙስ የሚባለው ሰፈር ነው። ከአሥራ አራት ዓመቱ ጀምሮ አንድ ሽማግሌ ጣሊያን ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ሥራ ይማር ነበር። የተበላሸ ሬዲዮ ፊት ከተቀመጠ ምሳ የሚባል ነገር ትዝ አይለውም። “ግርማይ” ብሎ ነበር የሚጠራኝ፤ እናቱ ኣደይ ለተብርሃንም እንደዚያው። ሦስተኛችን ጸጋይ ነው፤ ፎርኖ ውስጥ ዳቦ ይጋግራል፣ ቀኑን ሙሉ ይስቃል፣ ያገኘውን ሁሉ እንደ ከበሮ ይመታል። ሦስታችን በኣደይ ለተብርሃን ዕቃ ቤት ውስጥ ባንድ አቋቋምን።

ባንድ ስላችሁ እንዳትሳሳቱ። በዚያን ጊዜ ባንድ ማለት የደንብ ልብስ ያለው፣ ከላይ ፈቃድ ያለው፣ የሚያዘው አለቃ ያለው ነው። እኛ የማንም አልነበርንም። ስም እንኳ አልነበረንም። እኔ “ግርማና ጓደኞቹ ይባል” ብዬ ሐሳብ ባቀርብ፣ ጸጋይ ከተቀመጠበት ቆርቆሮ ላይ እስኪወድቅ ሳቀብኝ።

የክብሮም ጊታር ተራ የእንጨት ጊታር ሆኖ ሆዱ ላይ የስልክ ማዳመጫ ተለጥፎበታል፤ ድምፁን የሚይዘው እሱ ነው። ማጉያችን ደግሞ ከአንድ አሮጌ የጣሊያን ሬዲዮ የተሠራ ነበር። ክብሮም አንጀቱን አውጥቶ፣ ሌላ አንጀት ከቶለት፣ ሳጥኑን ግን እንዳለ ተወው። ፊቱ ላይ አንዲት ቀይ አምፖል አለች፤ ማጉያው ሲከፈት ትበራለች። እኔም ጊታር ነበረኝ፤ ሁለታችንም ከዚሁ ሳጥን ጋር እንያያዛለን። የክብሮም ገመድ አጭርና ወፍራም ነው፤ ከጣሊያኑ ሱቅ የመጣ፣ ውስጡ በመዳብ መረብ የተጠቀለለ። እኔ ግን መጽሔት ላይ ጊታር ይዞ መድረክ ላይ የሚንጎራደድ ፈረንጅ አይቼ ልቤ ተሰርቋል። ቆሜ አልጫወትም፣ እየሄድኩ ነው የምጫወተው አልኩ። ስለዚህ ከአንድ የፈረሰ ቪላ የበር ደወል ሽቦ፣ አሥር ሜትር ሙሉ፣ አመጣሁና በሱ ተያያዝኩ። ክብሮም በየቀኑ ይነዘንዘኝ ነበር።

“ኣንታ ግርማይ፣ ይሄን ገመድ ቁረጠው። ሰው ይሰናከልበታል።”

“ቅናት ነው” እለዋለሁ።

አንድ ቀን፣ አንድ ዘፈን ጨርሰን ዝም ስንል፣ ሳጥኑ ተናገረ። እውነቴን ነው። በአማርኛ። “ንስር አንድ፣ ንስር አንድ፣ ይሰማል?” አለ የሰው ድምፅ። ክው አልን። ወዲያው ከውጭ የጂፕ ድምፅ ሰማን፤ የወታደር ጂፕ በመንገዱ እያለፈ ነበር። ከዚያ በኋላ ሬዲዮ የጫነ ጂፕ ባለፈ ቁጥር ሳጥኑ ይለፈልፋል። ስንጫወት አይሰማም፤ ዝም ስንል ነው። ክብሮም ሳጥኑን ሦስቴ ፈታ፣ ሦስቴ ገጠመ፤ ምንም ሊያገኝ አልቻለም። ጸጋይና እኔ መጀመሪያ ሳቅን። እኔ የመኮንኑን ድምፅ እየቀዳሁ “ንስር አንድ፣ ጸጋይ ዳቦውን አሳረረው፣ ይሰማል?” እል ነበር። ኣደይ ለተብርሃን ግን አንድ ጊዜ በር ላይ ቆማ ሰምታ አማተበች። “እዚ ሳንዱቕ ሰይጣን ኣለዎ” አለች፤ ይህ ሳጥን ሰይጣን አለበት ማለቷ ነው። ልጆች ነበርንና ሳቅንባት።

የሚያስቅ ዘመን ግን አልነበረም። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀበት ዓመት ነው። ጠዋት ዳቦ የገዛ ሰው ማታ ቤቱ አይገባም፤ የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅም የለም። ሰው ከፌርማታ ላይ እየታፈሰ ይወሰዳል። እኔ የአባቴ ልጅ ስለነበርኩ ኬላ ላይ ሁለት ቃል ከተናገርኩ “እለፍ” እባላለሁ። ክብሮም አጠገቤ ሆኖ ዝም ይላል፤ በኔ አፍ ሁለታችንም እናልፋለን። አፌ የትም የሚያሳልፈኝ ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ ያቺ እሑድ መጣች። ወደ ቤት ጊዮርጊስ በሚወስደው መንገድ ላይ ትንሽ አዳራሽ ያላቸው ኣቦይ ሃይለ የሚባሉ ሰው ነበሩ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያስጨፍራሉ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥቼ እሰማችኋለሁ፣ ከወደድኳችሁ በየሳምንቱ ትጫወታላችሁ ብለውናል። ከጠዋቱ ጀምሮ ምግብ አልወርድ ብሎን ዋልን። ኣደይ ለተብርሃን ግቢውን ጠርጋ ውሃ ረጨችበት። ጸጋይ ከወንድሙ ክራቫት ተውሶ መጣ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መኪና በሩ ላይ ቆመ።

“መጺኦም!” አለ ጸጋይ። መጡ!

ጸጉሬን በእጄ አስተካክዬ ሮጥኩና በሩን ከፈትኩ። ጂፕ ነው። ጀርባው ላይ ረጅም አንቴና ተተክሏል። አንድ መቶ አለቃና ሁለት ወታደሮች ወረዱ፤ አንድ ሬዲዮኛ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ እዚያው ቀረ። 

“ከዚህ ግቢ የወታደር ሬዲዮ ንግግር ይሰማል ተብሏል” አለ መቶ አለቃው፣ እኔን ገፋ አድርጎ እየገባ። “ሬዲዮው የት ነው?”

ማን እንደተናገረ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ኣደይ ለተብርሃን እጇን በነጠላዋ እያበሰች ወጣች። “ሬድዮ የብልናን፣ ጐይታይ!” አለች። ሬዲዮ የለንም፣ ጌታዬ። ይህን ስትል ሰውየው በእሷ ትከሻ በኩል ዕቃ ቤት ውስጥ ያለውን ሳጥን እያየው ነበር።

“ይሄስ? ምጣድ ነው?”

“ሬድዮ ነበር፣ ጌታይ” አለ ክብሮም፣ በትምህርት ቤት አማርኛው። “አሁን ግን አይደለም። ጊታር ነው የሚያጮኸው።”

“ፈቃድ አላችሁ?”

“የለንም።”

“የባንዱ ስም ማን ነው?”

ተያየን። “ስም የለንም” አለ ክብሮም።

“ስም የሌለው፣ ፈቃድ የሌለው፣ በር ዘግቶ የሚሰበሰብ…” አለና ሰውየው ሳጥኑን በእግሩ ነካ አደረገው። “ከሽፍቶቹ ጋር የምትነጋገሩት በዚህ ነው?”

ይሄኔ እኔ ጣልቃ ገባሁ። “ኧረ በጭራሽ፣ ጌታዬ! ሙዚቃ ብቻ ነው” አልኩ። አማርኛዬን ሲሰማ ዞር ብሎ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። አባቴን በስም ያውቀዋል። ፊቱ ትንሽ ለቀቅ አለ፤ ትከሻዬን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ።

“አንተ ያገሬ ልጅ ነህ” አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። “አትዋሸኝ። ይሄ ሳጥን ወሬ ይይዛል? አንድም ቀን የሰው ድምፅ ሰምተህበታል?”

በሰውየው ትከሻ በኩል ክብሮምን አየሁት።  እውነቱን ልናገር? “አዎ፣ ጂፕ ሲያልፍ ይለፈልፋል፣ ለምን እንደሆነ አናውቅም” ልበል? እንዲህ ካልኩ ክብሮም አለቀለት ብዬ አሰብኩ። ደግሞ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አፌን ተማመንኩበት። ኬላ እንደማልፈው አልፈዋለሁ አልኩ።

“በጭራሽ ሰምቼ አላውቅም፣ ጌታዬ። አባቴ ይሙት!”

ራሱን ነቀነቀ። አመነኝ። “እስቲ ተጫወቱ” አለና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። “ጊታር ማጮኹን በዓይኔ ልየው።”

ክብሮም ማጉያውን ከፈተ። ቀይዋ አምፖል በራች። በተከፈተው በር በኩል ጂፑ ከኛ አሥር እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ይታየኛል፤ የሬዲዮኛው ከንፈር ደግሞ ይንቀሳቀሳል። እያወራ ነው። ዝም ያልን እንደሆነ ሳጥኑ ሰውየው ፊት ይናገራል።

“ደው ኣይትበል” አለኝ ክብሮም ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። እንዳትቆም።

ጀመርን። እኛ እስከዚያ ቀን አንድ ዘፈን እኩል ጨርሰን አናውቅም። ጸጋይ ይቸኩላል፣ እኔ ለመታየት እዘገያለሁ፣ ክብሮም ይናደዳል። ያን ቀን ግን ፍርሃት ሦስታችንን አንድ አደረገን። አንዱ ዘፈን ሊያልቅ ሲል ጸጋይ ምቱን ሳያቋርጥ ይይዘዋል፣ ክብሮም በዚያው ላይ ሌላ ዜማ ይጀምራል፣ እኔ እከተላለሁ። በመካከል ትንፋሽ የምታህል ዝምታ የለም። የትግርኛ ጓይላ ተጫወትን፣ የጣሊያን ዘፈን ተጫወትን፣ የማናውቀውንም ተጫወትን። ላብ አጠመቀኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ አልተንጎራደድኩም፤ አንድ ቦታ ቆሜ ቀረሁ። የሬዲዮኛው አፍ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ የእኔ ዓይን እሱ ላይ ነው።

ቢያንስ አንድ ሰዓት ያህል ሄደ። የመቶ አለቃው እግር መምታት ጀመረ። በኋላ ከወንበሩ ሳይነሳ “አምባሰል ትችላላችሁ?” ብሎ ጮኸ። ክብሮም ወደ አምባሰል ታጠፈ፤ እንዴት አድርጎ እንደታጠፈ እስከ ዛሬ ይገርመኛል፤ እንዲያ አሳምሮ ሲጫወት ሰምቼው አላውቅም። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ መሬቱን ያያል። አገሩ ትዝ ብሎት ይሁን እንጃ። ወታደሮቹም መሣሪያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ፈገግ አሉ። ጸጋይ ጥርሱን ብልጭ አደረገልኝ። ዳንን ብዬ አሰብኩ።

መቶ አለቃው ተነሣና እጁን አነሣ።

“በቃ፣ በቃ፣ ጎበዞች!” ወደ አንዱ ወታደር ዞረ። “ለሬዲዮኛው ንገረው። ምንም የለም፣ ልጆች ናቸው ብሎ ያስተላልፍ። እንመለሳለን።”

ቆምን። ወታደሩ ወጣ። ክብሮም ማጉያውን ለማጥፋት ጎንበስ ሊል ሲል ሰውየው እጁን ያዘው። እየጨበጠው ነው። “እንዴት ያለ እጅ ነው!” እያለ ጣቶቹን ገልብጦ ያያል፤ አይለቀውም። እኔስ? እኔ ወደ ሳጥኑ ሁለት እርምጃ ቢቀረኝ ነው። ግን አንደኛው ወታደር “አንተም ጎበዝ ነህ” ስላለኝ፣ እጅ እየነሣሁ ነበር።

ሳጥኑ ተናገረ።

“ንስር አንድ፣ ንስር አንድ። እዳጋ ሓሙስ ተፈትሿል። ምንም የለም። ልጆች ናቸው፣ ሙዚቃ ነው። ምንም የለም።”

ቁልጭ ብሎ ተሰማ፤ የሬዲዮኛው ትንፋሽ እንኳ ሳይቀር። “ምንም የለም” የሚለው ቃል ነው ያስያዘን።

ክብሮም እጁን መንጭቆ ተንበረከከና ከሳጥኑ ጀርባ አንድ ነገር ነቀለ። ድምፁ ጸጥ አለ። ትዝ የሚለኝ ቀይዋ አምፖል ናት፤ እንደበራች ነበረች። ያኔ ለምን እንደሆነ አላሰብኩም።

“አጠፋኸው?” አለ መቶ አለቃው።

“እወ… አዎ። አጠፋሁት” አለ ክብሮም። በእጁ የኔን ገመድ ጫፍ ይዟል።

ሰውየው ወደኔ ዞረ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። “ያገሬ ልጅ” አለኝ። “ምን ነበር ያልከኝ?”

ያ የምኮራበት አማርኛ ሁሉ የት እንደገባ እንጃ። “አላውቅም ነበር፣ ጌታዬ” አልኩ። “ዛሬ ገና መስማቴ ነው።”

“እሱ አያውቅም” አለ ክብሮም ቶሎ ብሎ። “ሳጥኑን የሠራሁት እኔ ነኝ። እሱ አልፎ አልፎ ነው የሚመጣ።”

ወታደሮቹ ሳጥኑን አንስተው ወሰዱ። አንዱ የክብሮምን፣ ሌላው የጸጋይን ክንድ ያዙ። ሳጥኑን ሲያነሱ ክብሮም ያን ሽቦ ክርኑ ላይ ጠቅልሎት ነበር፤ ከመውጣታቸው በፊት ደረቴ ላይ ወረወረብኝ። “እንካ፣ ገመድህን ይዘህ ወደ አባትህ ቤት ሂድ!” አለኝ። ንቀት ነው አልኩ። ይገባኛልም አልኩ። መቶ አለቃው አንዴ ገልመጥ አደረገኝና “ሂድ” አለኝ።

ኣደይ ለተብርሃን እጅጌዬን ይዛ ትጎትተኛለች። “ግርማይ ወደይ፣ ብኣምሓርኛ ንገሮም! ንገሮም ደኣ!” ልጄ፣ በአማርኛ ንገራቸው። ሞተሩ ሲነሣ፣ ጂፑ ሲዞር፣ እስኪሰወር ድረስ እጅጌዬን አለቀቀችም። እኔ አንድ ቃል አልወጣኝም። በመንገዱ ማዶ አንድ ሽማግሌ ቆመው አየሁ፤ ኣቦይ ሃይለ ነበሩ። ባርኔጣቸውን ደፋ አድርገው ወደመጡበት ተመለሱ።

አባቴን ተደፍቼ ለመንኩት። “ስምህን እንዳታስነሣ” አለኝ። ጸጋይ በሳምንቱ ተፈታ፤ ከዚያ በኋላ ሲስቅ አላየሁትም። ክብሮም ስምንት ወር ቆየ።

ሲፈታ ልጠይቀው ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። የግራ እጁ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም። ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት “ሕደጎ፣ ግርማይ” አለኝ፤ ተወው። ከዚያ፣ “ያን ገመድ ቆረጥከው?” አለኝ።

“አልቆረጥኩትም። ቤት አለ።”

ፈገግ አለ። “ጽቡቕ” አለ፤ ጥሩ። ከጥቂት ወራት በኋላ ከከተማው ጠፋ፤ ወዴት ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። አባቴም ተዛወረና አስመራን ለቀቅን።

ሃያ ዓመት አለፈ። አዲስ አበባ አስተማሪ ሆኜ፣ አንድ ቀን ለወላጆች በዓል ድምፅ ማጉያ ስናዘጋጅ፣ ማጉያው በራሱ ዜና ማንበብ ጀመረ። የሬዲዮ ጣቢያ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔ ላብ ላብ አለኝ። አንድ ወጣት ቴክኒሽያን መጥቶ ተንበረከከና ከጀርባው አንዱን ገመድ ነቀለ። ድምፁ ጸጥ አለ። ቀይዋ መብራት እንደበራች ናት።

“ጋሼ፣ ይሄኮ የደወል ሽቦ ነው” አለኝ እየሳቀ። “መረብ የለውም። እንዲህ ሲረዝም እኮ አንቴና በለው! ማጉያው ምንም አላጠፋም።”

እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። አሞኛል ብዬ ወደ ቤት ሄድኩ።

አያችሁ፣ ክብሮም ማጉያውን አላጠፋውም ነበር። የነቀለው የኔን ገመድ ነው። ሦስቴ ሳጥኑን የፈታ ልጅ፣ ሽቦው እጁ ላይ እንዳለ ድምፁ ሲቋረጥ፣ በዚያች ቅጽበት ገብቶታል። “ሳጥኑ አይደለም፣ ገመዱ ነው” ማለት ይችል ነበር። ግን ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ገመዱ የማን ነው የሚል ነው፤ እኔ ደግሞ አባቴ ይሙት ብዬ ውሸት ምያለሁ። ስለዚህ ጠቅልሎ ደረቴ ላይ ወረወረልኝ፤ ከዚያ ቤት ይዤው እንድወጣ። እኔ ስድብ መስሎኝ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲቆረቁረኝ ኖረ።

ከዚያ ወዲህ ጊታር አልነካሁም። “አላውቅም” የሚለውን ቃልም በቀላሉ አልናገረውም። ያን ጊዜ እውነቱን ለሰውየው ብነግረው ምናልባት ስቆ ይሄድ ነበር፤ ምናልባትም አይሄድም። ሽቦውን ብቆርጠው ግን በእርግጥ ይሄድ ነበር። ይህን ለማወቅ ቴክኒሽያን መሆን አያስፈልግም፤ ጓደኛ ሲነዘንዝ መስማት ይበቃል።

ሽቦው አሁንም አለኝ፤ ቁም ሣጥኔ ውስጥ፣ እሱ እንደጠቀለለው። ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ከእናንተ መካከል እዳጋ ሓሙስ ሬዲዮ ይጠግን የነበረ፣ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች የማይታጠፉ ክብሮም የሚባል ሰው የሚያውቅ ካለ፣ ግርማይ ገብቶታል በሉልኝ።